ወጣት ዓሦች በጥንታዊ ሐይቅ፦ የጣና ነጭ ዓሣ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በባሕር ዳር የዓሣ ገበያ ሦስት ስሞችን የያዘ ሰው አብዛኛውን ግብይት ሊጨርስ ይችላል፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶ አንድ ዝርያ ነው። አምባዛም እንዲሁ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን ላቢዮባርበስ በተሰኘው ወገን ውስጥ የሚመደቡ 15 ዝርያዎች በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው አንድ ጥያቄ ነው። በመልክ፣ በምግብና በአረባብ እጅግ የተራራቁ፣ በዘረመላቸው ግን ለመለየት የሚያስቸግሩ ዓሦች ሲያጋጥሙ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ እንደ ብዙ? ነገሩ የሙዚየም ሰዎች ክርክር ይመስላል። ጣና ላይ ግን ክርክሩ እልባት ሳያገኝ መረቡ ቀድሞ ገባ፤ ዋጋውም በዓሣ ተከፈለ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆችም እየታየ ስለሆነ የጣናው ልምድ ሊጠቅም ይችላል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የተመራማሪዎችም ሆነ የባለሥልጣናት ስም አልተጠቀሰም፤ ለትምህርቱ የሚያስፈልገው የአሠራሩ ታሪክ ነውና።

ዳራ፦ ገንዳውና ውኃው

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱን ሲሰማ ይደነቃል፤ ጠለቅ ያለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ተፋሰሱን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ቀልጦ የፈሰሰው ዓለት የአባይን መውጫ ዘግቶ ውኃው እንዲተኛ አደረገ። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ የሚገኘው፣ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ እሳት ፏፏቴ ደግሞ የታችኛው አባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዳል። በናይል የሞሉ ብዙ የዓሣ ወገኖች ጣና ያልደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ናይል ፐርችን የመሰለ ትልቅ ዓሣ በል ጣና ውስጥ የለም። ይህ መጉደል ለታሪኩ ቁልፍ ስለሆነ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የሐይቁ ዕድሜ ሲነሳ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ገንዳው ጥንታዊ ነው። ዛሬ በውስጡ ያለው ውኃ ግን ሲወዳደር የትናንት ነው። ይህን ያሳየው በ2007 የታተመ የደለል ጥናት ነው። ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል በቱቦ ተወግቶ የወጣው ደለል ከታች ወደ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ የሚገኘው ተጨምቆ የጠነከረ አፈር ነው። በላዩ የደንገል ረግረግ የተወው የዕፅዋት ብስባሽ ተነጥፏል። ቀጥሎ ጨው ያለበት ውኃ የሚስማማቸው፣ ዲያተም የተባሉ በዓይን የማይታዩ የውኃ አልጌዎች ቅሪት ይመጣል። ከዚያ በድንገት ጨው የሌለበት የሐይቅ ደለል ይጀምራል። በዕድሜ ልኬቱ መሠረት ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ የሐይቁ መሃል ጥልቀት የሌለው ውኃና የደንገል ረግረግ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ደርቆ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመታት በፊት ገደማ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ እንደነበር ይታወቃል።

እንግዲህ ዛሬ በጣና ክፍት ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ዝርያዎች አሁን ባሉበት ኑሮ የኖሩት ቢበዛ 15,000 ዓመት ያህል ነው ማለት ነው። ቅድመ አያቶቻቸው የድርቁን ዘመን ያሳለፉት በገባር ወንዞች ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ሐይቁ ሲመለስ የወንዝ ዓሦች ገቡበት፤ ተቀናቃኝ ያልያዘው ሰፊ ውኃም ጠበቃቸው። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን 15,000 ዓመት አጭር ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዘረመል ግራ መጋባት ሁሉ መነሻው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ፦ አንድ ወይስ ብዙ?

በ1830ዎቹ እስከ ጎንደር የዘለቀ አንድ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ የጣናን ነጭ ዓሦች በበርካታ ዝርያዎች ከፍሎ ስም ሰጣቸው። በ1940 የታተመ አንድ የጣልያናዊ ጥናት በዝርዝሩ ላይ ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በ1973 ለንደን ላይ የወጣ ክለሳ ግን ያን ሁሉ ስም ሰብስቦ በአንድ ከረጢት ከተተው። በክለሳው መሠረት በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞችና ሐይቆች ያሉት ትልልቅ ባርበሶች (ዛሬ ላቢዮባርበስ የሚባሉት ያኔ የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር) እጅግ ተለዋዋጭ የሆነ አንድ ዝርያ፣ ባርበስ ኢንተርሜዲየስ፣ ሆኑ።

ክለሳውን ያለ አግባብ ማጣጣል አይገባም። በጠርሙስ ተቀምጠው የኖሩ ጥቂት ናሙናዎችን የያዘ ሰው በሁለት ቅርጾች መካከል ሦስተኛ የሚመስል ዓሣ ሲያገኝ መስመር ለማስመር ይቸገራል። ከጠርሙሱ የማይነበቡ ነገሮችም አሉ፤ ዓሣው ምን ይበላ እንደነበር፣ በየትኛው ጥልቀት ይኖር እንደነበር፣ መቼና የት እንቁላል ይጥል እንደነበር አይታወቅም። መረጃው ያን ያህል ነበረ፤ ድምዳሜውም መረጃውን ተከተለ።

ችግሩ የመጣው ድምዳሜው ከሙዚየም ወጥቶ ወደ ዓሣ ሀብት አስተዳደር ሲሻገር ነው። በጣና ዓሣ የማስገር ሥራ ለዘመናት በደንገል ታንኳ የሚካሄድ፣ በአብዛኛው የወይጦ ማኅበረሰብ የሚተዳደርበት፣ ከዳር የማይርቅ ሥራ ነበር። በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ በልማት ፕሮጀክት አማካይነት ገባ። ምርቱ ራቅ ወዳሉ ገበያዎችም መላክ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው “ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ኪሎ” ብቻ ነበር። አንድ ዝርያ ከሆነ አንድ ድምር ይበቃዋል። አሥራ አምስት ከሆነ ግን ድምሩ ደህና እየመሰለ አንዱ ዝርያ ከሥሩ ሊጠፋ ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሥራው የተጀመረው በቀላል መሣሪያ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኔዘርላንድሱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በሺህ የሚቆጠር ዓሣ በካሊፐር ለኩ፦ የራስ ርዝመት፣ የዓይን ስፋት፣ የአፍ አንግል፣ የሪዝ ርዝመት፣ የጀርባ ቁመት። ዝርያ ናቸው ብለው ሳይቸኩሉ ለየቅርጹ የሥራ ስም አወጡ። “ከንፈራሙ”፣ “አጭር ራሱ”፣ “ትልቅ አፍ ትልቅ ዓይኑ”፣ “ነጭ ጎባጣው” ዓይነት ስሞች ነበሩ። ይህን መታገስ ከጉዳዩ ብልህ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የላቲን ስም አንዴ ከወጣ ሰው ስሙን መከላከል ይጀምራል፤ የሥራ ስም ግን ማስረጃው ሲለወጥ ያለ ጸጸት ይጣላል።

አንድ ሁለቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኔድጂያ የተሰኘው ዓሣ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ የታችኛው ከንፈር መሃሉ ላይ ምላስ የሚመስል ቁራጭ ተንጠልጥሎበታል። በዚህ ከንፈር በድንጋይ መካከል ያሉ ትላትልንና የነፍሳት ዕጮችን እየመጠመጠ ይለቅማል። ከጎኑ ትሩቲፎርሚስ ቢቀመጥ ዝምድና ያላቸው አይመስልም። ሰውነቱ ቀጭንና ሹል ነው፤ ክፍት ውኃ ውስጥ ትናንሽ ዓሦችን በፍጥነት እያሳደደ ይይዛል። ብሬቪሴፋለስ ራሱ አጭር፣ ምግቡ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳት ነው። ሱርኪስ ደግሞ ከውኃ ዳር ዕፅዋት ላይ ይግጣል።

ሁለተኛው እርምጃ የሆድ ዕቃ ምርመራ ነበር፤ ያልተጠበቀ ነገር የተገኘውም እዚህ ላይ ነው። ከ15ቱ ዝርያዎች 8ቱ ዋና ምግባቸው ዓሣ ሆኖ ተገኘ። በዚህ የዓሣ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። የነጭ ዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። ያደነውን ይዞ የሚያቆይበት መንጋጋ ስለሌለው ከጉሮሮው የሚያልፍ ትንሽ ዓሣ መርጦ ለመዋጥ ይገደዳል። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ዓሣ አዳኝ ሊሆን የቻለው ጣና ውስጥ ከእሱ የተሻለ አሳዳጅ ስላልነበረ ነው። በጢስ እሳት ምክንያት ያልመጡት የናይል አዳኞች የተዉትን ቦታ የወንዙ ዓሣ ልጆች ተከፋፈሉት። አንዱ ከወለል አጠገብ፣ አንዱ በክፍት ውኃ፣ አንዱ ከዳር ያድናል።

ሦስተኛው እርምጃ የመራቢያ ቦታና ወቅት ክትትል ነው። በሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ክረምት ላይ፣ ጎርፍ በሞላበት ወንዝ ዳር፣ በጭቃ መንገድ ይሠራልና። ቢያንስ 7 ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች እንደሚጓዙ ታወቀ። መጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ይከማቻሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ውኃው ጠርቶ በፍጥነት በሚፈስባቸው ትናንሽ ገባሮች፣ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሁሉም ግን በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ የሚመርጠውን ገባር ሌላው ያልፈዋል። የቀሩት ዝርያዎች ብዙዎቹ በእነዚህ ወንዞች በመራቢያ ወቅት ስላልተገኙ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይገመታል። ዝርያ ነው አይደለም ለሚለው ጥያቄ ይህ ከቅርጽ ልኬት የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው። ሳይገናኙ የሚራቡ ዓሦች እየተለያዩ መሄዳቸው አይቀርም።

በነዚህ ሦስት ማስረጃዎች ላይ በመመሥረት በ1990ዎቹ መጨረሻ ክለሳው ተከለሰ። 15 ዝርያዎች ተለዩ፤ 7ቱ ቀድሞ ስም ያልነበራቸው ናቸው።

ዘረመሉ ምን አለ?

አንባቢ እዚህ ላይ ዘረመል መጥቶ ክርክሩን ይዘጋዋል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። አልዘጋውም።

በ1998 የታተመ የፕሮቲን ልዩነት ጥናት በቅርጾቹ መካከል ያገኘው ልዩነት ጥቂት ነበር። በ2010 ሳይቶክሮም ቢ የተባለው የማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዘረመል ሲነበብ አንዱ ዓይነት ቅጂ በተለያዩ ዝርያዎች ውስጥ በጋራ ተገኘ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናትም ልዩነቱ ጥልቀት የሌለው መሆኑን አረጋገጠ። በሌላ አባባል ከአንድ የጣና ነጭ ዓሣ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ብቻ ወስዶ “ይህ ትሩቲፎርሚስ ነው” ብሎ መፍረድ አይቻልም። በዘረመል አጭር ምልክት ዝርያን የመለየት ዘዴ በሌላ ቦታ በደንብ የሚሠራውን ያህል እዚህ አይሠራም።

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ከላይ የተነገረው የጊዜ ማጠር ነው። ማይቶኮንድሪያ በእናት በኩል ብቻ ይተላለፋል፤ አንድ የእናት ዘር በአንድ ዝርያ ውስጥ ብቻ እስኪቀር ድረስ ብዙ ትውልድ ይጠይቃል። 15,000 ዓመት ለከንፈርና ለአፍ ለውጥ በቅቷል፤ ለዚህኛው ማጣሪያ ግን አልበቃም። ሁለተኛው፣ ዝርያዎቹ አልፎ አልፎ የሚዳቀሉ ከሆነ ዘረመላቸው መልሶ ይቀላቀላል። ሦስተኛው የክሮሞሶማቸው ብዛት ነው። የኢትዮጵያ ትናንሽ ባርበሶች 50 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ትልልቆቹ 150 ገደማ አላቸው፤ እያንዳንዱን ክሮሞሶም ስድስት ስድስት አድርገው ይይዛሉ። ስድስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የማን ቃል የትኛው እንደሆነ ለመለየት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ለሁለት ቅጂ የተዘጋጁ መደበኛ የምርመራ ዘዴዎች በእነዚህ ዓሦች ላይ ይምታታሉ።

አንድ ጥናት ግን ከሌሎቹ ለየት ያለ ውጤት አመጣ። በ2005 የታተመው ይህ ጥናት የተመለከተው በሽታን የመከላከል ሥራ ያላቸውን ዘረመሎች ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለተኛ መደብ የሚባሉት በተመረመሩት ዝርያዎች መካከል ሙሉ በሙሉ ተለያይተው ተገኙ፤ አንዱ ዝርያ የያዘው ቅጂ በሌላው ውስጥ የለም። አንደኛ መደብ የሚባሉት ግን አልተለያዩም። ይህ ትርጉም ያለው ልዩነት ነው። የመከላከያ ዘረመሎች ጥገኛ ተሕዋስያን በሚያደርጉት ጫና በፍጥነት ይለወጣሉ። በተለያየ ጥልቀት የሚኖር፣ የተለያየ ነገር የሚበላ ዓሣ የሚገጥመው ጥገኛ የተለያየ ነው። ስለዚህ ዝግመተ ለውጡ በሁሉም የዘረመል ክፍል እኩል አልተራመደም፤ ኑሮ በገፋበት በኩል ፈጥኗል፣ ባልነካው በኩል ቆሟል። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ አስተማሪው ግኝት ይህ ነው። “ዘረመላቸው አንድ ነው” የሚለው ፍርድ የተሰጠው የትኛው ዘረመል ተጠይቆ እንደሆነ ካልተነገረ ምንም አይነግረንም።

ተቃራኒውም ድምፅ መሰማት አለበት። የኢትዮ ሩሲያ የሥነ ሕይወት ጉዞ አባላት ለረጅም ዓመታት የያዙት አቋም ቅርጾቹ ዓሣው እያደገ ሲሄድ የሚለወጡ፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር መካከለኛ መልክ ያላቸው ናቸው የሚል ነበር። ከዚሁ ወገን የተሠሩ ሙከራዎች በኢንተርሜዲየስ ዕጮች ላይ የታይሮይድ ሆርሞን መጠን ሲቀየር የአጥንት አሠራራቸው እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ይህ ዝርያዎቹን አያፈርስም፤ እንዲያውም ትንሽ የዕድገት ፍጥነት ለውጥ እንዴት ትልቅ የቅርጽ ልዩነት ሊያመጣ እንደሚችል ፍንጭ ይሰጣል። ለዚህ ነው በጣና ጉዳይ ሁለቱን ወገኖች እንደ ጠላት ማየት የማያስፈልገው።

የተሠራውና ያልተሠራው

በግልጽ የሠራው ዝርያ በዝርያ መቁጠር ነው። ከ1991 እስከ 1993 የተሰበሰበው ናሙና ከ1999 እስከ 2001 ከተሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች አዋቂ ዓሦች በ75 በመቶ፣ ጫጩቶቻቸው ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። “ነጭ ዓሣ” በሚል አንድ ዓምድ ብቻ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ማን እንደቀነሰና ለምን እንደቀነሰ አይታወቅም ነበር። የአረባብ ጥናቱ ቀድሞ ስለነበረ ምክንያቱን ለመፈለግ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ታወቀ፤ ወደ ወንዞቹ አፍ።

እዚያ የተገኙት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የንግድ መረብ ነው። ዓሦቹ ለመራባት በሚከማቹበት ቦታና ወቅት መረብ የሚዘረጋ ሰው ትንሽ ለፍቶ ብዙ ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዘር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ የፍልሰታ ጾም ዓሦቹ ወደ ወንዝ ከሚወጡባቸው ሳምንታት ጋር መግጠሙን ልብ ማለት ይገባል። በጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ደግሞ ነጋዴው ያውቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ይወቀጣል፣ ውኃው በተኛበት የወንዝ ክፍል ይበተናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ዓሣው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ትልቁ ይለቀማል፣ ጫጩቱ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ዘዴው የቆየ ነው። ጉዳቱ የከፋው ወንዝ ውስጥ የሚከማቸው ዓሣ በመረብ ከሳሳ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ ያው ድርጊት በብዙ ዓሣ ላይና በጥቂት ዓሣ ላይ ሲፈጸም ውጤቱ አንድ አይደለም።

ሕጉ ያልሠራበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/2003 ወጣ፤ የክልሉም ሕግ ተከተለ። መርዝ ተከልክሏል፣ የመረብ ዓይን ስፋትና የመራቢያ ወቅት ጥበቃ ታስበዋል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። የሚያስፈጽመው ግን ነሐሴ ላይ በጉማራ አፍ ጀልባ ይዞ የሚቆም ሰው ነው፤ እሱ በበቂ አልነበረም። በተጨማሪም ሕጉ የሚጠብቀው “ዓሣ” እንጂ በወንዝ የሚራቡትን ከሐይቅ ከሚራቡት ለይቶ አልነበረም። ዓሣ አስጋሪውን ለሦስት ወር ሥራ አቁም ከማለት፣ እነዚህን የወንዝ አፎች ለእነዚህ ሳምንታት ተዋቸው፣ ቀረሶና አምባዛ ሌላ ቦታ አስግር ማለት ይቻላል። ይህን ለማለት የሚያስችለው እውቀት በእጅ ነበረ፤ ወደ ሕግ ቋንቋ ሳይገባ ቀረ።

ሌላው ያልሠራው የዘርፎች መናበብ ነው። በ1996 ሐይቁ ወደ አባይ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2003 የሐይቁ ውኃ እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ። በ2010 ከሐይቁ በዋሻ ውኃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ርብ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፣ መገጭ ላይም ግንባታ ተጀምሯል። ሁለቱም ነጭ ዓሣ የሚራባባቸው ወንዞች ናቸው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ፤ ሥሩን ያደላደለው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ደለል በሚበዛባቸው የወንዝ አፎች አካባቢ ነው። በ2015 ዩኔስኮ ሐይቁን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ መልካም ዜና ነበር። ምዝገባው ግን ለግድብ መሐንዲስ በክረምት ምን ያህል ውኃ ይልቀቅ የሚል ቁጥር አልሰጠውም።

ለንጽጽር ያህል የፊሊፒንሱን ላናዎ ሐይቅ መጥቀስ ይገባል። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተባዝተው የተለያዩበት ሌላው ታዋቂ ቦታ እሱ ነበር። ባዕድ ዓሦች ገቡበት፣ ከመጠን በላይ ተሰገረ። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከሐይቁ 17 ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት እንደጠፉ አስታወቀ። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ገና በሕይወት ያለውና ሊጠና የሚችለው እንዲህ ያለ ስብስብ የጣናው ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ከጣና ሊወሰድ የሚችለው የመጀመሪያው ነገር የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ቅርጽ፣ ምግብና መራቢያ ቀድመው ተጠኑ፤ ዘረመል በኋላ መጣ። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ይህ የዘረመል ውጤት የ1973ቱን ክለሳ ደግፎ ጉዳዩ ይዘጋ ነበር። ወጣት በሆኑ ሐይቆችና ወንዞች ዘረመል ዝርያን ለማረጋገጥ እንጂ ለመካድ ብቻውን ሊያገለግል አይገባም። በገናሌ ወንዝ በዚሁ የላቢዮባርበስ ወገን በአንድ ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ስድስት ያህል ልዩ ልዩ ቅርጾች መገኘታቸው ታትሟል። እዚያም ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል፤ እዚያም ግድቦች አሉ። የጣናን ያህል ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የመዝገብ ጉዳይ ነው። በጀልባ ማረፊያ የሚራገፈውን ዓሣ የሚመዘግብ ሰው 15 ዝርያ እንዲለይ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። በሁለት ዓምድ ቢከፍል ግን ትልቅ ለውጥ ይመጣል፦ ወንዝ የሚወጡና የማይወጡ። በክረምት ከወንዝ አፍ የመጣ ጀልባ ከሌላው ተለይቶ ቢመዘገብ እንኳ ያልተጠበቀ መረጃ ይሰጣል። ፍጹም ያልሆነ መከፋፈል ከፍጹም ድምር ይሻላል።

ሦስተኛው ቴክኒካዊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። ለቅርጽ ጥናት ዓሣ በፎርማሊን ይቀመጣል፤ ፎርማሊን ደግሞ ዘረመልን ይጎዳል። ሙሉ ዘረመልን ማንበብ ርካሽ እየሆነ በመጣበት በዚህ ዘመን ስድስቱን የክሮሞሶም ቅጂዎች ለያይቶ የሚያነብ ሥራ ለጣና ዓሦች ሊሠራ ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ዓሣው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከክንፉ ጫፍ ተቆርጦ በንጹሕ አልኮል የተቀመጠ ትንሽ ቁራጭ ነው። ከጎኑ የተያዘበት ወንዝ፣ ቀኑ፣ የእንቁላሉ ደረጃና የዓሣው ፎቶግራፍ መቀመጥ አለባቸው። እነዚህ ከሌሉ ቁራጩ ከየትኛው ዝርያ እንደመጣ ማንም በኋላ ሊያውቅ አይችልም፤ ማይቶኮንድሪያው እንደማይነግረው አይተናልና። ርብና መገጭ ላይ ውኃው ሙሉ በሙሉ በግድብ ቁጥጥር ሥር ከመዋሉ በፊት የሚሰበሰብ ናሙና ደግሞ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም።